መሰኪያውን ወደ ፊት ማምጣት፤ ለመሥሪያ ቤትና ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር

ሞያሌ በስም አንዲት፥ በአስተዳደር ግን ሁለት የሆነች ከተማ ናት። ሰሜናዊው ክፍሏ በኢትዮጵያ፥ ደቡባዊው ክፍሏ ማርሳቢት በሚባለው የኬንያ ካውንቲ ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚወርደው ታላቅ መንገድ በእኩሌታው ገደማ የሚያልፈው በዚህችው ከተማ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በዚያን ጊዜ የኬንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ የሁለቱን አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ መርቀው ከፈቱ። በዚህ ኬላ ሥርዐት መሠረት መንገደኛው በሚወጣበት አገር አንድ ጊዜ፥ በሚገባበት አገር ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ መቆሙ ቀርቶ፥ በሚገባበት አገር በኩል ብቻ ቆሞ ጉዳዩን ይጨርሳል። ስለዚህ ወደ ኬንያ የሚገባውን ሰው የሁለቱ መንግሥታት ሠራተኞች በኬንያ በኩል ባለው ቤት፥ በአንድ ጣራ ሥር ሆነው ያስተናግዱታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው የመንግሥታት ስምምነት በመጨረሻ የሚፈጸመው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ባለጉዳዩ ይቆማል፤ በወዲህ በኩል ሠራተኛው ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ኮምፒውተር አለ። በከተማይቱም ውስጥ እንዲህ ያለው ጠረጴዛ ከኬላው ሌላ በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየትምህርት ቤቱ፥ በየጉምሩክ አስተላላፊው ቢሮና ፎቶ ኮፒ በሚነሣበት ሱቅ ሁሉ ይገኛል። እኛም ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ይኸው ጠረጴዛ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ማስተዋል እንዴት ሊቃና እንደሚችል ነው።

የችግሩ ምንጭ

በጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አብዛኞቹን መሰኪያዎች የያዘው በጀርባው ነው። በእንግሊዝኛ ፖርት የሚባለውን ቀዳዳ በዚህ ጽሑፍ መሰኪያ ብለነዋል፤ የግድግዳውን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ግን ሁሉም እንደሚለው ሶኬት እንለዋለን። የኮምፒውተሩ ጀርባ ወደ ግድግዳ ስለሚዞር ሠራተኛው ፍላሽ ወይም ካሜራ ለመሰካት በፈለገ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል፤ ይንበረከካል፤ በጨለማ ውስጥ በእጁ እየዳበሰ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ፊት ለፊቱ የቆመው ባለጉዳይ የሚያየው የሠራተኛውን ጀርባ ነው። ከባለጉዳዩ በስተኋላ ደግሞ ከብት ጭኖ የሚጠብቅ ነጋዴ፥ ልጅ ያዘለች እናት፥ አውቶቡስ የሚያመልጠው ተማሪ ሊኖር ይችላል። አንዱ መንበርከክ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፥ በቀን 15 ጊዜ የሚንበረከክ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት በጠረጴዛው ሥር ያሳልፋል።

ከጊዜው ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ የዕቃው ጉዳት ነው። የተለመደው ባለ አራት ማዕዘን የዩኤስቢ መሰኪያ በደንቡ መሠረት እንዲችል የሚጠበቅበት 1,500 ጊዜ ተሰክቶ መነቀልን ነው። በቀን 5 ጊዜ የሚሰካበት ቀዳዳ በ300 የሥራ ቀን ይህን ቍጥር ይሞላል። በጨለማ እየተዳበሰ በግድ የሚገፋበት ከሆነ ከዚያም ቀድሞ ይላላል ወይም ውስጡ ይሰበራል። የኮምፒውተሩ መሰኪያ ከዋናው ሰሌዳ፥ ማለት ማዘርቦርድ ከሚባለው ጋር በብየዳ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ እርሱ ሲሰበር የሚታመመው ዋናው ሰሌዳ ነው። እንዲህ ያለውን ብየዳ የሚያውቅ ባለሙያ በቅርብ ካልተገኘ ደግሞ ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ከተማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፥ እስከ ናይሮቢም ሆነ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ማሰብ ያሻል። ኮምፒውተሩ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ጠረጴዛው ባዶውን ይቀራል፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» ይባላል።

ዩኤስቢ እንዴት መጣ?

ከ30 ዓመት በፊት ኮምፒውተር የገዛ ሰው ለእያንዳንዱ ዕቃ ልዩ ልዩ መሰኪያ ያገኝ ነበር። የማተሚያው መሰኪያ ባለ 25 እግር ሰፊ ነበረ፤ የአንዳንዱ ማውዝ ባለ 9፥ የኪቦርዱም ክብ ነበረ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ብዙ ጊዜም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንደ ገና ካላስነሡት አዲሱን ዕቃ አያውቀውም። ይህን ውጥንቅጥ ለማስቀረት ሰባት ኩባንያዎች፥ ይኸውም ኮምፓክ፥ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት፥ አይቢኤም፥ ኢንቴል፥ ማይክሮሶፍት፥ ኤንኢሲና ኖርቴል፥ ተባብረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር ወር 1996 የመጀመሪያውን የዩኤስቢ ደንብ አወጡ። በዚህ ሥራ ስማቸው ጐልቶ የሚነሣው በኢንቴል ይሠሩ የነበሩት፥ ትውልዳቸው ከሕንድ የሆነው መሐንዲስ አጄይ ባት ናቸው። ዩኤስቢ ማለት ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም ማሳጠሪያ ሲሆን፥ ቃሉ ሁሉን በአንድ መስመር ተራ በተራ የሚያስተናግድ ማለት ነው።

የሞያሌ ሰው የዚህን ጥቅም ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። በኢትዮጵያ በኩል ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው፤ በኬንያ በኩል ያለው ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። በአንዲት ከተማ የአንዱ ወገን የሻይ ማፍያ በሌላው ወገን ቤት ያለ አዳፕተር አይሰካም። ፍላሹ ግን በወዲህም በወዲያም ያው ነው፤ ድንበር አያግደውም። ይህም ለሥራ ታላቅ ምቾት የመሆኑን ያህል፥ ወደ ኋላ እንደምንናገረው፥ ጥንቃቄንም ይጠይቃል።

ማከፋፈያው ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ ሃብ የሚባለው ዕቃ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ሣጥን ነው። በአንድ ወገን አንድ ገመድ አለው፤ ገመዱ በኮምፒውተሩ ጀርባ ባለ አንድ መሰኪያ ይሰካል። በሌላው ወገን አራት ወይም ሰባት መሰኪያዎች አሉት፤ እነዚህም በጠረጴዛው ላይ፥ በሠራተኛው እጅ ሥር ይሆናሉ። የኮምፒውተሩ መሰኪያ አንድ ጊዜ ተሰክቶ ሳይነካ ይኖራል። በየቀኑ የሚሰካውና የሚነቀለው በማከፋፈያው ላይ ነው። ያረጀ እንደ ሆነ የሚጣለው ርካሹ ሣጥን እንጂ ውዱ ኮምፒውተር አይደለም።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። «ሰካ» ከሚለው ግስ መሰኪያ፥ «አከፋፈለ» ከሚለው ማከፋፈያ፥ «አተመ» ከሚለው ማተሚያ ይወጣል። በ«መ» ወይም በ«ማ» ጀምሮ በ«ያ» የሚጨርስ ስም ብዙ ጊዜ ሥራው የሚሠራበትን መሣሪያ ወይም ቦታ ያመለክታል። አንዳንዱ ግን መጨረሻው ይለወጣል፤ «ከፈተ» ካለው መክፈቻ እንጂ መክፈትያ አይባልም። ወደ ሱቅ ሲሄዱ «የዩኤስቢ ማከፋፈያ» ወይም «ሃብ» ቢሉ ባለ ሱቁ ይረዳዎታል። «ዲቫይደር» ያሉ እንደ ሆነ ግን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሊያመጣልዎ ስለሚችል ስሙን ለይቶ መናገር ደግ ነው።

ማከፋፈያው በር ይጨምራል እንጂ መንገድ አይጨምርም። ደንቡ በአንድ የዩኤስቢ መቈጣጠሪያ ላይ እስከ 127 ዕቃ እንዲያያዝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በማከፋፈያው ላይ የተሰኩት ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ የሚጓዙት በዚያው በአንዱ ገመድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2 በሴኮንድ እስከ 480 ሜጋ ቢት፥ በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3 እስከ 5,000 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል። የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ማከፋፈያ ገዝቶ በኮምፒውተሩ ጥቁር ወይም ነጭ መሰኪያ ላይ የሚሰካ ሰው የሚያገኘው የአሮጌውን ፍጥነት ነው። ስለዚህ ገመዱን ከመሰካት በፊት የኮምፒውተሩን ጀርባ በብርሃን መመልከትና ሰማያዊው ካለ እርሱን መምረጥ ይገባል።

ስለ ኤሌክትሪክ ኀይሉ

ማከፋፈያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኀይሉን ከኮምፒውተሩ ብቻ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ከግድግዳ ሶኬት የሚቀበልበት የራሱ አዳፕተር አለው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ገዝቶ ይጸጸታል። የኮምፒውተሩ መሰኪያ በ5 ቮልት የሚሰጠው ኀይል በዩኤስቢ 2 እስከ 500 ሚሊ አምፔር፥ በዩኤስቢ 3 እስከ 900 ሚሊ አምፔር ነው። ባለ አራቱ ማከፋፈያ አዳፕተር ከሌለው ይህንኑ ለአራት ያካፍላል። ማውዝና ኪቦርድ ጥቂት ስለሚበቃቸው አይጐዱም። ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ግን ብቻውን ያን ሁሉ ኀይል ሊፈልግ ይችላል፤ ሳይበቃው ሲቀር ያንቋቋል፥ ይጠፋል፥ በመጻፍ ላይ ያለውንም ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። እንግዲህ ሃርድ ዲስክ፥ ስካነርና የጣት አሻራ መቀበያ አብረው የሚሰኩበት ጠረጴዛ አዳፕተር ያለውን ማከፋፈያ መግዛት ይኖርበታል።

የሞያሌ ጠረጴዛ እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ከአዲስ አበባ የተገዛው አዳፕተር እግሩ ክብ ነው፤ በኬንያ በኩል ያለው ሶኬት ግን አራት ማዕዘን ነው። የኤሌክትሪኩ መጠን በኢትዮጵያ 220 ቮልት፥ በኬንያ 240 ቮልት ስለ ሆነ፥ በአዳፕተሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ተብሎ ከተጻፈ በሁለቱም አገር ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚለያየው የእግሩ ቅርጽ ብቻ ነው። በባለ ሦስቱ ሶኬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች የሚሸፍን መዝጊያ አለ፤ እርሱንም የሚከፍተው ረጅሙ ሦስተኛው እግር ነው። አንዳንድ ሰዎች በላይኛው ቀዳዳ እስክሪብቶ ከተው መዝጊያውን ካስከፈቱ በኋላ ባለ ሁለቱን እግር በግድ ያስገባሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። መዝጊያው የተሠራው የሕፃን ጣት እንዳይገባ ነው፤ በግድ የገባውም ክብ እግር በደንብ ስለማይያዝ ይሞቃል፥ ብልጭታም ያወጣል። ትክክለኛው መለወጫ በየሱቁ በጥቂት ሽልንግ ይገኛልና ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል።

ሌላም ምክር አለ። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ፥ ማለት መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በሚያቆየው ባትሪ ላይ የተሰካ ከሆነ፥ የማከፋፈያው አዳፕተርም በዚያው ላይ ይሰካ። እንዲህ ካልተደረገ መብራት በጠፋ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ማከፋፈያው ኀይሉን ያጣል፤ የተሰካው ሃርድ ዲስክም በሥራ መካከል ይቋረጣል።

በፊት የሚሆነውና በኋላ የሚቀረው

ማከፋፈያ ከመግዛት በፊት የኮምፒውተሩን ፊት መመልከት ይገባል። ብዙ ኮምፒውተሮች በፊታቸው ሁለት መሰኪያ እያላቸው የማይሠሩት፥ ከውስጥ ወደ ዋናው ሰሌዳ የሚሄደው ገመዳቸው ስለ ወለቀ ነው። ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ነቅሎ፥ ክዳኑን ከፍቶ፥ ገመዱን በቦታው መመለስ በቂ ሊሆን ይችላል። በዋናው ሰሌዳ ላይ የዩኤስቢ 2 ገመድ የሚገባበት ባለ 9 እግር፥ የዩኤስቢ 3 ደግሞ ባለ 19 እግር ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ፊት የፍሎፒ ዲስክ መግቢያ የነበረው ባለ 3 ተኩል ኢንች ክፍት ቦታ ካለም፥ በዚያ ልክ የተሠራ የመሰኪያ ሰሌዳ ይሸጣል፤ ገመዱም በእነዚሁ እግሮች ላይ ይሰካል። ይህን ግን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። እግሮቹን በተሳሳተ መንገድ ያገናኘ ሰው መሰኪያውን ብቻ ሳይሆን የሚሰካበትንም ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

ማከፋፈያው ከተመረጠ ደግሞ፥ የማይነቀሉት ኪቦርድ፥ ማውዝና ማተሚያ በጀርባ ይቆዩ፤ ማከፋፈያው ቢበላሽ ሥራው ሁሉ አይቆምምና። በየቀኑ የሚሰኩትና የሚነቀሉት ፍላሽ፥ ካሜራና የካርድ ማንበቢያ በፊት ይሁኑ። ገመዱ አንድ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ለጠረጴዛ ይበቃል፤ ከዚያ የረዘመው እግር ይጠልፋል። ሣጥኑ በሁለት ፊት በሚያጣብቅ ፕላስተር በጠረጴዛው ጠርዝ ሥር ቢለጠፍ አይንሸራተትም፤ የሻይ ብርጭቆም አይደፋበትም። መሰኪያው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጐን ቢያይ አቧራ አይሞላውም። ገመድ አልባ ማውዝ ያለው ሰው ተቀባዩን ከሰማያዊው መሰኪያና ከሃርድ ዲስኩ ያርቀው፤ የዩኤስቢ 3 ሥራ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚጓዘውን የማውዙን ሞገድ ሊያውክ ይችላልና።

ለእኛ የቀረበ በር ለሁሉ የቀረበ ነው

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ምቾት ነው። አሁን ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገራለን። መሰኪያው ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ በባለጉዳዩ ፊት ሲቀመጥ፥ የሚያየው ብዙ፥ የሚመኘውም ብዙ ይሆናል። አንዱ «ሰነዴ በፍላሽ ነው» ብሎ ያቀርባል፤ ሌላው ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ይላል። ፍላሽ ግን እንደ ጆንያ ነው፤ ከላይ እህል ቢታይም ከሥሩ ነቀዝ ሊኖርበት ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ በፍላሽ ይሰራጭ ስለ ነበር ከኢንተርኔት ጋር ወዳልተገናኙ ማሽኖችም ለመድረስ ችሏል። በ2011 ማይክሮሶፍት በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ፍላሽ እንደ ተሰካ ፕሮግራሙ በራሱ እንዳይነሣ የሚያደርግ ማሻሻያ መላኩም ስለዚሁ አደጋ ነው።

በድንበር ከተማ ያለ ኮምፒውተር የሚይዘው የሰዎችን ስም፥ የጣት አሻራና የጕዞ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ይህ ሀብት የሠራተኛው አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱም ብቻ አይደለም፤ የባለጉዳዩ አደራ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፍላሽ መዝገብ በሚያዝበት ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ አይሰካ። የግድ ከሆነ መዝገብ በሌለበት፥ ጸረ ቫይረሱ በታደሰ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተፈትሾ ይታይ። በመንገድ ወድቆ የተገኘ ፍላሽም «የማን እንደ ሆነ ልወቅ» ተብሎ አይከፈትም። ለስልክ ደግሞ ከኮምፒውተሩ የተለየ ሶኬትና ቻርጀር በግድግዳው አጠገብ ይዘጋጅ።

ክልከላውም በመልካም አንደበት ይሁን። አንድ ሽማግሌ መጥተው «ልጄ፥ ስልኬ ጠፋብኝ፤ እስቲ ከዚያች ላይ ሰካልኝ» ቢሉ፥ «አይቻልም» ብሎ ፊትን ማዞር አይገባም። «አባቴ፥ ይህ የሰው መዝገብ የሚያዝበት ስለ ሆነ ስልክ አይሰካበትም፤ የእርስዎም ስም በዚሁ ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ግድግዳው ጋ ለዚሁ የተዘጋጀ አለ፤ ይምጡ ላሳይዎ» ቢባሉ፥ ሽማግሌው የተከለከሉት ስለ እርሳቸው ጥበቃ መሆኑን ተረድተው መርቀው ይሄዳሉ።

በቤተ ሰብ ዘንድ

ይህ ሁሉ ለቤትም የሚጠቅም ነው። ልጆች የቤት ሥራቸውን የሚያትሙበት፥ እናትም የሠርግና የክርስትና ፎቶ ከስልኳ የምታወጣበት ኮምፒውተር ባለበት ቤት፥ ልጁ ሁልጊዜ ከጠረጴዛ ሥር ገብቶ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሚጐትት መሰኪያው በፊት ቢሆንለት ይሻላል። ለልጆች ሦስት ነገር ማስተማር ይበቃል። አንደኛ፥ ያልገባ ነገር በግድ አይገፋም፤ ይገለበጥና በቀስታ ይሞከራል። ሁለተኛ፥ ሲነቅሉ የሚያዘው ራሱ መሰኪያው እንጂ ገመዱ አይደለም። ሦስተኛ፥ ፍላሽ ከመነቀሉ በፊት ኮምፒውተሩ ጽፎ መጨረሱን በስክሪኑ ላይ ማዘዝና መጠበቅ ያሻል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በችኮላ የተነቀለ ፍላሽ የሳምንት ሥራ ይዞ ሊጠፋ ይችላልና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ወዲህ የመጣው ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ሞላላ መሰኪያ በየትኛውም ፊቱ ስለሚገባ የመጀመሪያውን ትምህርት ያቃልለዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን አሁንም ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የዓመቱን የዕቃ ግዢ ዝርዝር በሚያዘጋጁበት ጊዜ፥ ከኮምፒውተሩና ከማተሚያው በታች ይህችን ትንሽ ሣጥን ከነመለወጫዋ ይጻፏት ዘንድ እናሳስባለን። ዋጋዋ ከጥገና ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዚያው ቀን ደግሞ በማከፋፈያው ላይ ምን እንደሚሰካና ምን እንደማይሰካ የሚገልጽ አንድ አጭር ማስታወቂያ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ተጽፎ በጠረጴዛው ላይ ይለጠፍ። ዕቃውን የገዛ መሥሪያ ቤት ጊዜውን ያተርፋል፤ ማስታወቂያውን የለጠፈ ግን የሕዝቡን አደራ ይጠብቃል።